ቢላዋ ለምታሠሩና ለምትሠሩ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

መስፍ፦ በቃሌ መሠረት ዛሬ ማታ በእጅ ስለሚሠራ የጉዞና የጫካ ቢላዋ እመልሳለሁ። ቢላዋው ምን እንደሚቆርጥ ሳትነግሩኝ ዋጋም ቅርጽም አትጠይቁኝ። ከፊልም ላይ የተቀዳ ፎቶ አትላኩልኝ።

የስሜኑ እግረኛ፦ ጋሼ፣ እኔ ስሜን ተራሮች እመላለሳለሁ። ስለቱ 20 ሳንቲሜትር፣ ጀርባው 6 ሚሊሜትር የሆነ ቢላዋ ላሠራ አስቤያለሁ። ጠንካራ እንዲሆን ነው።

መስፍ፦ እዚያ ምን ልትቆርጥበት? ሽንኩርት፣ ዳቦ፣ ገመድ፣ ሲበዛ የድንኳን ካስማ ልትቀርጽበት። ለዚህ 11 ወይም 12 ሳንቲ ስለትና 4 ሚሊ ጀርባ ይበቃል። 6 ሚሊው ሽንኩርቱን ይፈልጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ቀኑን ሙሉ ወገብህ ላይ መሸከሙም አለ። ሁሉም ስለ ጀርባው ውፍረት ይጠይቀኛል፣ ከስለቱ ጠርዝ ብድግ ብሎ ያለውን ውፍረት ግን ማንም አይጠይቅም። የሚቆርጠው እሱ ነው! ለጉዞ ቢላዋ እዚያ ጋ ግማሽ ሚሊ ያህል ይሁን፣ ስለቱ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ ይሳል። ሠሪህ ይህን ካላወቀ ሌላ ሠሪ ፈልግ። እንጨት መፍለጥ ካማረህ መጥረቢያ ያዝ።

ጀማሪው፦ ጥሩ ቢላዋ ስንት ያወጣል?

መስፍ፦ ከላይ አንብብ።

ትራፓኖ፦ ራሴ ልሠራ ነው። ሞርሳ፣ ግራይንደር፣ ትራፓኖ አለኝ። ባሌስትራ ይሆናል?

መስፍ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። የብዙ መኪና ባሌስትራ 5160 የሚባለው የብረት ዓይነት ወይም የሱ ዘመድ ነው፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ፣ ክሮሚየሙም ጥቂት። በዘይት የሚጠነክር፣ ሲመታ ቶሎ የማይሰበር ብረት ነው። ነገር ግን ከምናለሽ ተራ የምትገዛው ባሌስትራ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሲታጠፍና ሲቃና የኖረ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። አንድ ቀን ሙሉ ደክመህ ከጨረስክ በኋላ እንዳታዝን መጀመሪያ ጣት የምታህል ቁራጭ ውሰድ። አግላት፣ ዘይት ውስጥ ንከራት፣ ሞርሳ ላይ አስረህ በመዶሻ ስበራት። ዓይንህን ሸፍን። ስብራቱ ግራጫና ደቃቅ ከሆነ እሰየው። እንደ ስኳር ጎርበጥ ብሎ ካብለጨለጨ ከመጠን በላይ ግሏል። ሳይሰበር ከታጠፈ አልጠነከረም። ውስጡ የጠቆረ መስመር ካየህ የቆየ ስንጥቅ ነው፤ ያን ብረት ለበር ማጠፊያ አድርገው።

ሙቀቱ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ «ማግኔት ሲለቀው ንከረው» ይላል። ብረት ማግኔት የሚለቀው 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ 5160 ግን 830 አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ማግኔቱ ከለቀቀ በኋላ ቀለሙ አንድ ደረጃ እስኪደምቅ ጠብቅ፣ ሙቀቱም ከጫፍ እስከ እጀታው ሥር እኩል ይዳረስ። ይህን ጥላ ያለበት ቦታ ሥራ፤ ፀሐይ ላይ የብረት ቀለም ይዋሻል። ዘይቱ ተራ የምግብ ዘይት ይሁን፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሞቅ ይበል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትጠቀም፣ ጭሱ ለሳንባህ ጠላት ነው። ከዘይት እንደወጣ ሞረድ ሞክርበት፤ ካንሸራተተው ጠንክሯል። እንዲህ ሆኖ ግን ቢወድቅ ይሰበራል፣ ሳይውል ሳያድር ቴምፐር አድርገው፣ ማለትም በመጠነኛ ሙቀት አቆይተህ ድርቀቱን ቀንስለት፦ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ አቀዝቅዘህ ደግሞ ሁለት ሰዓት።

የሐዋሳዋ፦ ጋሽ መስፍ፣ ኦቨን የለኝም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ቴምፐር ባደርገውስ?

መስፍ፦ ምጣድ ከታች ብቻ ነው የሚያግለው፤ አንዱ ጎን ሲለሰልስ ሌላው እንደ ደረቀ ይቀራል። ኦቨን ያለው ጎረቤት ለምኝ። ሳህን ላይ አሸዋ አድርጊና ቢላዋውን ቅበሪው፣ ለብቻው የሚሸጥ የኦቨን ቴርሞሜትርም አስገቢ፤ የኦቨኑ መዘውር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኚ። እንጀራው በምጣዱ ይጋገር።

ሾተል፦ ዘይት ዘይት ትላላችሁ እንጂ አባቶቻችን በውኃ ነበር የሚያጠነክሩት። ዓድዋ ላይ የዋለው ጎራዴ በዘይት አልተሠራም።

ፍራንክፈርቱ፦ ወንድሜ፣ ከዚያ ዘመን ጎራዴ ስንቱ ከጀርመን ከዞሊንገን የመጣ እንደሆነ ታውቃለህ? የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበት ለእኛ ገበያ ይሠራ ነበር።

ሾተል፦ እጀታውንና አፎቱን ማን ሠራው? ማረሻውንስ? ባለእጁን «ቡዳ» እያልን ስናርቀው ኖረን ዛሬ ደግሞ ሥራውን ለፈረንጅ እንስጥ? ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል።

ፍራንክፈርቱ፦ አዋጁን ማን ሰማው? አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ፣ ለቅሶ ቤት ለብቻቸው ነበር የሚቀመጡት። እኔ ስለ ስለቱ አመጣጥ ነው ያወራሁት፣ ባለእጅ አልሠራም አላልኩም።

የስሜኑ እግረኛ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን የኔ ቢላዋ ጠፋ እኮ።

መስፍ፦ ታሪኩን ለብቻ ቀጥሉበት፣ እኔም መጥቼ እጨቃጨቃለሁ። የውኃውን ግን ልመልስ። የድሮ ባለእጅ ካርቦኑ ያነሰ ብረት ነበር የሚበዛለት፤ እንዲህ ያለው ብረት ቶሎ ካልቀዘቀዘ አይጠነክርም፣ ስለዚህ ውኃው ልክ ነበር። ባሌስትራ ውኃ ውስጥ ስትከት «ጭው» የሚል ድምፅ ከሰማህ ቢላዋህ ሁለት ሆኗል። ሰውየው ብረቱን ያውቅ ነበር፣ እናንተም የራሳችሁን ብረት እወቁ።

ኩሽኔታ፦ የማይዝግ ብረት ቢሆን አይሻልም? እጄ ያልበዋል።

መስፍ፦ አብዛኛው የማይዝግ የቢላዋ ብረት ከ1000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ለደቂቃዎችም እዚያው መቆየት አለበት። በወናፍና በከሰል አይሆንም። የተቆጣጠረ ምድጃ ያለው ሠሪ ካገኘህ አሠራ። ካላገኘህ 5160 ይዘህ ከሥራ በኋላ ጥረገው፣ ዘይት ቀባው።

ፍራንክፈርቱ፦ እኔ ባሠራ ወደ ጀርመን ይዤው መምጣት እችላለሁ?

መስፍ፦ በእጅ ሻንጣ አይሆንም፣ ጭነት ውስጥ ጠቅልለህ አስገባ። እዚያ አገር ደግሞ ስለቱ ከ12 ሳንቲሜትር የበለጠ የማይታጠፍ ቢላዋ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ አይያዝም። የቀረውን ሕግ አዋቂ ጠይቅ።

የሐዋሳዋ፦ ለእጀታ ወይራ ወይስ ቀንድ?

መስፍ፦ በደንብ የደረቀ ወይራ። እርጥቡን ካደረግሽ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፣ ከብረቱም ይለያያል። ቀንድ ያምራል፣ ግን ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጥ ይጣመማል፤ ከወደድሽው በኢፖክሲ ማጣበቂያ ብቻ አትመኚ፣ በነሐስ ሚስማር ይያዝ። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ይዝለቅ። እንጨትም ቀንድም ስትሞርዱ ጭምብል አድርጉ። ብረት ስትሞርዱም ጭምብል አድርጉ።

ትራፓኖ፦ ጋሼ፣ ቴምፐር ካደረግሁ በኋላ በግራይንደር ብስለውስ?

መስፍ፦ ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፣ ያ ጠርዝ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ቀለሙን ብትፈገፍገው አይመለስም። በባዶ እጅ ያዘው፣ ሲሞቅህ ውኃ ውስጥ ንከረው፤ እዚህ ላይ ውኃ ይፈቀዳል። መጨረሻውን በድንጋይና በብርጭቆ ወረቀት ጨርስ። ጭምብል አልኩ?

ጀማሪው፦ ይቅርታ፣ ለጫካ የሚሆን ጥሩ ቢላዋ ስንት ነው?

መስፍ፦ ወንድሜ፣ «ጫካ» ሥራ አይደለም። በግ ልታርድ ነው? ዓሣ ልትበልት? እንጨት ልትቀርጽ? አንዱን ምረጥና ተመለስ።

ጀማሪው፦ በግ።

መስፍ፦ ተመስገን። 3 ሚሊ ጀርባ፣ 13 ሳንቲ ስለት፣ ጫፉ ጥቂት ወደ ላይ የቀና፣ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት እጀታው ከፊት ጎበጥ ያለ። ዋጋውን ሠሪው ይነግርሃል።

የሐዋሳዋ፦ ስናዝ ታዲያ ምን ብለን እንዋዋል?

መስፍ፦ በጽሑፍ ይሁን፦ የሚቆርጠው ነገር፣ የስለቱ ርዝመትና ውፍረት፣ የብረቱ ዓይነት፣ እጀታው፣ አፎቱ፣ የሚያልቅበት ቀን። ቀብድ ብረቱንና እንጨቱን የሚሸፍን ያህል፣ ሙሉ ክፍያ አይተሽ ስትረከቢ። ስለቱ ቢታጠፍ ወይም ቢሰበር ማን እንደሚጠግን ይጻፍ። የሰበረውን የሙከራ ቁራጭ አሳየኝ በዪው። የሚያሳይሽ ከሆነ ቀብድሽን ስጪ፤ «ምን ቁራጭ?» ካለሽ ሻይሽን ጠጥተሽ ውጪ። የሠሪ ስም እዚህ አልሰጥም፣ በውስጥም አትጠይቁኝ።

ኩሽኔታ፦ አፎቱ ከምን ይሁን?

መስፍ፦ ወፍራም የበሬ ቆዳ። ቢላዋው ውስጡ አይክረም፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን ያዝገዋል። ቤት ስትገባ አውጥተህ አስቀምጠው።