ከአፕግሬድ በኋላ «ላይብረሪው የለም» ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ሊኑክስ ላይ ፓኬጅ ካሻሻላችሁ በኋላ ትናንት ሲሠራ የዋለ ፕሮግራም ዛሬ አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ አልተበላሸም። የሚጠራው ሼርድ ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ፋይል) ከቦታው ጠፍቷል ወይም ተቀይሯል። በዚህ ጉዳይ የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ትእዛዞቹን የጻፍኩት እንደሚነበቡት ነው።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱን ከ20.04 ወደ 22.04 አሳደግኩት። አሁን አንድ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ስከፍት «ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1ን መክፈት አልተቻለም» ይለኛል። ፋይሉ የሚመጣበት ኦፕንኤስኤስኤል (ግንኙነትን የሚያመሰጥር ላይብረሪ) ግን ተጭኗል። ታዲያ ምን ጎደለው?

መልስ፦ አንድ ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ (ከሶርስ ኮድ ወደሚሠራ ፋይል ሲቀየር) የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ስም ውስጡ ይጻፋል፤ ቁጥሩም ከስሙ ጋር። ላይብረሪው ከድሮ ፕሮግራሞች ጋር የማያስማማው ለውጥ ሲደረግበት ያ ቁጥር ይቀየራል። 22.04 ይዞት የመጣው ኦፕንኤስኤስኤል 3 ነው፤ ፋይሉም ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.3 ይባላል። ያንተ ፕሮግራም የሚጠራው 1.1ን ነው፤ እሱ ደግሞ የለም።

ትክክለኛው መፍትሔ ለ22.04 የተዘጋጀውን የፕሮግራሙን እትም መጫን ነው። ሶርስ ኮዱ ካለህ እዚያው ማሽን ላይ እንደገና ኮምፓይል አድርገው። ሁለቱም ካልተቻለ የ20.04ን የሊብኤስኤስኤል 1.1 ፓኬጅ ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፤ የፋይሎቹ ስም ስለሚለያይ ከአዲሱ ጋር አይጋጭም። ግን የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 መደበኛ ድጋፍ በሴፕቴምበር 2023 አብቅቷል። በእጅህ አውርደህ የጫንከው ፓኬጅም በራሱ አይታደስም። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት የሚነካ ከሆነ ይህን መንገድ ለጊዜው ብቻ ተጠቀምበት።

ጥያቄ፦ እኔም ያው ችግር ነው የገጠመኝ። ጓደኛዬ «ከአዲሱ ፋይል ላይ በድሮው ስም ሊንክ ሥሪለት፣ ያልቃል» አለኝ። ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አታድርጊው። በዚህ ጉዳይ የማልደራደርበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቁጥሩ የተቀየረው ሁለቱ እንደማይስማሙ ለመናገር ነው። ሊንኩ ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም ብቻ ስለሆነ አለመስማማቱን አያስተካክልም፤ ይደብቀዋል እንጂ።

ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ከሆነ እድለኛ ነሽ፣ ወዲያው ይታወቃል። ላይብረሪው ለእያንዳንዱ ፈንክሽን የቨርዥን ምልክት ስለሚያስቀምጥ «ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 አልተገኘም» ብሎ እምቢ ይልሻል። የሚያስፈራው እምቢ የማይለው ላይብረሪ ነው። ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ይሠራልም። ነገር ግን በአዲሱ እትም የአንድ ዳታ ስትራክቸር መጠን ተቀይሮ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ከሜሞሪ የተሳሳተ ቦታ ያነባል፣ የተሳሳተ ቦታ ይጽፋል። አንዳንዴ ክራሽ ያደርጋል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ፋይልሽን ያበላሻል። ከሳምንታት በኋላ ዳታቤዙ ሲበላሽ ያን ሊንክ ማን ያስታውሰዋል?

አስቀድመሽ ሠርተሽው ከሆነ አጥፊውና «ኤልዲኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ በሩት (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) አስኪጂ። ትክክለኞቹን ሊንኮች ራሱ መልሶ ይሠራቸዋል።

ጥያቄ፦ የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደተሰበሩ እንዴት አውቃለሁ? አንድ በአንድ እየከፈትኩ ልሞክር?

መልስ፦ አያስፈልግም። «ኤልዲዲ» ብለህ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ስጠው። ላይብረሪዎቹን ከነቦታቸው ይዘረዝርልሃል፤ የጠፋው አጠገብ «ኖት ፋውንድ» ይላል። ፕሮግራሞች የሚቀመጡባቸውን የቢን ፎልደሮች በሙሉ በአንድ ሉፕ ማስፈተሽ ትችላለህ። የላይብረሪ ፎልደሮቹንም አትርሳ። የጠፋውን የሚጠራው ፕሮግራሙ ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ሌላ ላይብረሪ ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ማን እንደጠራው ለመለየት «ሪድኤልፍ ሰረዝ ዲ» በልና «ኒድድ» የሚሉትን መስመሮች እይ። ከማታምነው ቦታ ለመጣ ፋይል ደግሞ ኤልዲዲን አትጠቀም፣ ፋይሉን ሊያስነሳው ይችላል። ሪድኤልፍ ያነባል እንጂ አያስነሳም።

ጄንቱ የተባለውን ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ሥራው ቀላል ነው። የጄንቱ ፓኬጅ ጫኝ ፖርቴጅ አሮጌውን ላይብረሪ ፈላጊ እስካለው ድረስ ያቆየዋል። «ፕሪዘርቭድ ሪቢልድ» የተባለውን ስብስብ እንደገና ሲያስገነቡ ሁሉም ወደ አዲሱ ይዞራል።

ጥያቄ፦ አፕግሬዱ መሀል ላይ እያለ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ተመልሶ ተነሥቷል፤ ግማሹ ፕሮግራም ግን አይሠራም። የዳታ ፓኬጄም ሊያልቅ ነው። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ፎርማቱ ይቆይ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ለእንዲህ ያለው ነገር በደንብ የተዘጋጁ ናቸው። የወረዱት ፓኬጆች ካላጸዳሃቸው በቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ ፎልደር ውስጥ አሉ፤ እንደገና ለማውረድ ዳታ አታወጣም። መጀመሪያ «ዲፒኬጂ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» የሚለውን በሱዶ አስኪድ፤ ተጀምረው የቀሩትን ይጨርሳል። ቀጥሎ «አፕት ፊክስ ብሮክን ኢንስቶል» በል። ሁለቱ ትእዛዞች አብዛኛውን ያስተካክላሉ።

ከዚያም በኋላ የማይነሳ ፕሮግራም ካለ መብራቱ ሲጠፋ ያልተሟላ ፋይል ዲስክ ላይ ቀርቶ ይሆናል። «ዲፒኬጂ ቬሪፋይ» የተቀየሩትን ፋይሎች ያሳይሃል። ኢቲሲ ውስጥ ያሉት ብዙ ጊዜ አንተ ራስህ የቀየርካቸው ሴቲንጎች ስለሆኑ አያስደንግጡህ። ላይብረሪ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ከወጣ ግን የእሱን ፓኬጅ «ሪኢንስቶል» አድርገው።

ለሚቀጥለው፣ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ያላችሁ ሁሉ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። በመጀመሪያ «ዳውንሎድ ኦንሊ» በሚለው አማራጭ ፓኬጆቹን ብቻ አውርዱ። ማውረዱ ቢቋረጥ የሚጎዳ ነገር የለም። ሁሉም ከገባ በኋላ ባትሪው ሙሉ ሲሆን መጫኑን ጀምሩ። በኤስኤስኤች የምትሠሩ ከሆነ ቲመክስ ወይም ስክሪን ውስጥ ሁናችሁ አስኪዱት፤ ኔትወርኩ ቢቆረጥም አፕግሬዱ አይቆምም።

ጥያቄ፦ አርች ሊኑክስ ሰርቨር ላይ አንድ ፓኬጅ ብቻ አዲስ ጫንኩ። አሁን ትእዛዝ የምጽፍበት ባሽ እንኳን አልነሳም ብሏል። ሩት ሆኜ የገባሁበት አንድ ተርሚናል ብቻ ክፍት ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ያንን ተርሚናል አትዝጋው! ሪቡትም አታድርግ። ሜሞሪ ውስጥ የገባው ባሽ አሮጌውን ላይብረሪ ስለያዘ መሥራቱን ይቀጥላል፤ አዲስ ባሽ ነው የማይነሳው።

የአርች ፓኬጅ ጫኝ ፓክማን ራሱ የሚነሳ ከሆነ በ«ሰረዝ ኤስዋይዩ» ሲስተሙን በሙሉ አሻሽለው። ዝርዝሩን አድሶ አንድ ፓኬጅ ብቻ መጫን አርች የማይደግፈው አሠራር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሪድላይን (ተርሚናል ላይ የሚጻፈውን የሚቀበል ላይብረሪ) ከ7 ወደ 8 ሲያልፍ ባሽን ጨምሮ እሱን የሚጠሩ ፕሮግራሞች አብረው መሻሻል ነበረባቸው። ግማሹን የወሰደ ሰው አንተ ያለህበት ላይ ነው የሚደርሰው። ፓክማን ካልተነሣ በቫር፣ ካሽ፣ ፓክማን ፎልደር ውስጥ የድሮው ፓኬጅ ሊኖር ይችላል። ከውስጡ የጎደለውን ላይብረሪ ብቻ አውጥተህ ለብቻው ፎልደር አስቀምጥ። ከዚያ ላይብረሪ መጀመሪያ የት እንደሚፈለግ የሚወስነውን «ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ»ን ወደዚያ ፎልደር አዙረህ ፓክማንን አስነሳ። ይህ ከሊንኩ ይለያል፤ እውነተኛውን አሮጌ ፋይል ነው የምትሰጠው፣ ለዚያች ትእዛዝ ብቻ። እሱም ካልሆነ በላይቭ ዩኤስቢ ተነሥተህ ዲስኩን ማውንት አድርግና ፓክማንን ከውጭ «ሲስሩት» በሚለው አማራጭ አስኪደው።

በርቀት ሰርቨር የምታስተዳድሩ፣ ስታቲክ የሆነ ቢዚቦክስ (መሠረታዊ ትእዛዞችን በአንድ ፋይል የያዘ ፕሮግራም) አስቀድማችሁ ጫኑ። ከየትኛውም ሼርድ ላይብረሪ ነፃ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ሲወድቅ እሱ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ 24.04 ላይ አፕት ሊብኤስኤስኤል3ን ሊያጠፋ ነው ይላል። ይስ ልበለው?

መልስ፦ በቦታው ሊብኤስኤስኤል3ቲ64ን ሊጭን ከሆነ፣ አዎ። የድሮ 32 ቢት የሰዓት ቆጠራ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ስለሚሞላ በርካታ ፓኬጆች ስማቸው ላይ «ቲ64» ተጨምሮባቸዋል። በተለመደው 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ የላይብረሪው ፋይል ስም ያው ነው። ምትክ ሳይኖረው ብቻውን የሚጠፋ ካየሽ ግን ኖ በይና የሚጠፉትን ዝርዝር በጥሞና አንብቢው።

ጥያቄ፦ «ጂሊብሲ_2.34 አልተገኘም» የሚለውስ? ማሽኔ 20.04 ነው።

መልስ፦ ፕሮግራሙ የተገነባው ካንተ በአዲስ ሲስተም ላይ ነው። ጂሊብሲ ሁሉም ፕሮግራም ማለት ይቻላል የሚጠራው መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ ሲሆን 20.04 ያለው 2.31 ነው። ጂሊብሲን በእጅ ለመቀየር በፍጹም አትሞክር፤ ኤልኤስ እንኳን እሱን ሳይዝ አይነሳም። ወይ ፕሮግራሙን 20.04 ላይ ኮምፓይል አድርገው፣ ወይ በአዲስ ሲስተም ኮንቴይነር (የራሱን ላይብረሪዎች የያዘ ገለልተኛ ክፍል) ውስጥ አስኪደው። የተገላቢጦሹ ችግር የለውም፤ በድሮ ጂሊብሲ የተገነባ በአዲሱ ላይ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ፓኬጅ ትክክል ነው ይላል፣ ኤልዲዲም ምንም አልጎደለም ይላል። ፕሮግራሙ ግን «አንዲፋይንድ ሲምቦል» ብሎ ይቆማል።

መልስ፦ የኤልዲዲን ዝርዝር እንደገና እይና አድራሻዎቹን ተመልከት። «ዩኤስአር ሎካል ሊብ» የሚል አለ? ከሶርስ የተጫነ የቆየ ላይብረሪ እዚያ ተቀምጦ ይሆናል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ያ ፎልደር ከሲስተሙ ፎልደር በፊት ነው የሚታየው፤ ስለዚህ አሮጌው ይቀድማል። ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ አንሣው፣ ኤልዲኮንፊግ አስኪድና ሞክር። እዚያ ከሌለ ባሽአርሲ ፋይልህ ውስጥ የተረሳ «ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ» ፈልግ።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳን ኤረር የለብኝም። ኦፕንኤስኤስኤልን ለደኅንነት ብዬ አሻሻልኩ፣ ዌብሳይቱም ይሠራል። ጨረስኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ዌብሳይቱን የሚያቀርበውን ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ኢንጂንኤክስን፣ ሪስታርት አድርገውታል? ካላደረጉ አሁንም በአሮጌው ላይብረሪ ነው የሚሠራው። ፋይሉ ከዲስክ ቢነሣም ሜሞሪ ውስጥ የያዘው ፕሮሰስ አይለቀውም። በ2014 እ.ኤ.አ. ኸርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝም ፓኬጁን ማሻሻል ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ሰርቪሶቹን ሪስታርት ማድረግ ግድ ነበር። «ኒድሪስታርት» የተባለው ፕሮግራም የትኞቹ ሰርቪሶች አሮጌውን እንደያዙ ይነግርዎታል። ዛሬውኑ አስኪዱትና የሚጠራቸውን ሁሉ ሪስታርት ያድርጉ።