የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሰም አበባ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ (ከአሽቀሎን)፦ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሰም አበባ ችግኝ ከጽጌረዳዎቼ ጎን ተከልኩ። አፈሬ አሸዋ ስለሆነ ጉድጓዱን በቀይ አፈርና በዶሮ ፍግ ሞላሁት። ከጽጌረዳዎቹ ጋር በአንድ የጠብታ መስመር በየቀኑ ይጠጣል። አምና አብቦ ነበር፤ ዘንድሮ ሙቀቱ ሲበረታ ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ነው። ውኃ ልጨምርለት?

መልስ፦ እባክዎ አይጨምሩ። ዛሬውኑ ከጽጌረዳዎቹ የጠብታ መስመር ይለዩት።

ሻጮች ጄራልድተን ዋክስ የሚሉት ይህ ቁጥቋጦ የባሕር ዛፍና የአደስ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን በጣትዎ ቢያሹት ሎሚ ሎሚ ይላል። አገሩ የምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ሲሆን ከፐርዝ ወደ ሰሜን፣ በጄራልድተን ከተማ ዙሪያ ባለው ቁጥቋጧማ አሸዋ ላይ በዱር ይበቅላል። እዚያ ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ነሐሴ በብርዱ ወራት ይወርዳል፤ የሙቀቱ ወቅት ደረቅ ነው። አሸዋው ውኃ አይቋጥርም፤ ፎስፈረሱም እጅግ ጥቂት ነው። ሥሩ አየር የለመደ ስለሆነ በሞቃት አፈር ውስጥ ውኃ ሲያድርበት ፊቶፍቶራ የተባለው ሥር አበስባሽ ተዋሲ ይይዘዋል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ አፈሩ ርሶ እያለ እንኳ ውኃ ስለማይስብ ቅርንጫፉ የተጠማ ይመስላል። ብዙ ሰው ውኃ የሚጨምረውና ተክሉን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

አሸዋዎ ለዚህ ተክል ጥሩ ነበር። ያበላሸው ቀይ አፈሩ ነው፤ በአሸዋ መካከል እንደ ገንዳ ሆኖ ውኃውን ያዘ። የዶሮ ፍግም፣ ጥቂት ብቻ ለለመደው ለዚህ ተክል፣ ፎስፈረስ ይበዛበታል።

አሁን ግንዱ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ በስሱ ይፋቁት። ውስጡ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለና እርጥብ ከሆነ ተስፋ አለው። ውኃውን ያቁሙ፤ ጣትዎን እስከ መጨረሻው ሲያስገቡ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ያጠጡት። ውስጡ ቡናማ ሆኖ ቡናማው ግንዱን ዙሪያውን ከከበበው ግን ከነሥሩ ነቅለው ያስወግዱት፤ አካፋውንም ይጠቡ። ተዋሲው አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በዚያው ጉድጓድ ሌላ የሰም አበባ አይተከልም። በምዕራብ አውስትራሊያ ሰዎች ወደ ዱሩ ከመግባታቸው በፊት የጫማቸውን አፈር የሚያራግፉትም ይኸው በሽታ እንዳይዛመት ነው።

አዲሱን ችግኝ ሙቀቱ ከበረደ በኋላ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝ ሌላ ቦታ፣ በራሱ በአሸዋው ላይ ይትከሉት። ቦታው ውኃ ማሳለፉን ከተጠራጠሩ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ሁለት ጊዜ ውኃ ይሙሉት፤ ሁለተኛው ከአንድ ሰዓት በኋላም ካልሰረገ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ። በመጀመሪያው የበጋ ሙቀት በሳምንት ሁለት ጊዜ 5 ሊትር፣ ከዚያ በኋላ በ14 ቀን አንዴ 15 ሊትር ያህል ይበቃዋል። አፈሩን ለመሸፈን ጉዝጓዝ ካደረጉ ግንዱን አይንካ። ማዳበሪያ ካስፈለገ ፎስፈረሱ ከ3 በመቶ በታች የሆነውን ቀስ ብሎ የሚሟሟ ዓይነት ይምረጡ። ፎስፈረስ የሚበዛበት ዳፕ ፈጽሞ አይሆንም።

አዲሶቹ ጫፎች ብቻ ቢጫ ሆነው የቆዩት ቅጠሎች አረንጓዴ ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው፤ ኖራ የበዛበት አፈር ብረት ነፍጎታል። ሲገዙ ኢዲዲኤችኤ የተባለውን የብረት ኬሌት (ሥሩ ሊወስደው እንዲችል የተዘጋጀ ብረት) ይጠይቁ። ኢዲቲኤ የሚባለው በኖራማ አፈር ቶሎ ይበተናል።

ጥያቄ (ከሐይፋ)፦ የእኔው ከታች ራቁቱን ቀርቶ ላዩ ብቻ ያብባል። እስከ ግንዱ ልቁረጠው?

መልስ፦ አይቁረጡት፤ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት እምብዛም አያቆጠቁጥም። አበባው እንዳለቀ፣ ቅጠል ያለውን ክፍል ሳይጨርሱ አንድ ሦስተኛውን ይግረዙት፤ በየዓመቱም ይድገሙት። ዘግይተው ከገረዙ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ይቆርጡታል።

ጥያቄ (ከዚያው ከሐይፋ)፦ ቆርጬ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ሳደርገው በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል። ለምን?

መልስ፦ የሰም አበባ ኤቲሊን ለሚባለው ጋዝ እጅግ ስስ ነው። ጋዙ የሚወጣው ከበሰለ ሙዝና ፖም፣ እንዲሁም አበባው ላይ ከሚያድገው ግራጫ ሻጋታ ነው። ለሽያጭ የሚያመርቱት ገበሬዎች ይህን ለመከላከል አበባውን የብር ማዕድን ባለበት መድኃኒት ያጠጡታል። መድኃኒቱ ለቤት አይመከርም፤ ጥንቃቄ ግን ብዙ ያግዛል። ከዘለላው አንድ ሦስተኛው ሲፈካ፣ ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይቁረጡት፤ እርጥብ አበባ ታስሮ ከቆየ ሻጋታው በአንድ ሌሊት ይጀምራል። ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ይልቀሙ፤ ውኃውን በየሁለት ቀኑ ሲቀይሩ ከአገዳው ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ። የፍራፍሬውን ሳህን ወደ ሌላ ክፍል ካዛወሩት አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆይልዎታል።