ኢንዛይሙ አልሞተም፣ ቦታው ታትሟል

«ኤክስባ ዋን የተባለው የዲኤንኤ መቁረጫ ኢንዛይም ፕላዝሚዴን (ትንሹን ክብ የባክቴሪያ ዲኤንኤ) ሁለት ቦታ መቁረጥ ሲገባው አንዱን ብቻ ይቆርጣል፤ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፦

ኢንዛይሙን አይጣሉት። የሞተ ኢንዛይም አንዱን መርጦ አይቆርጥም። እኔም በዚሁ ጉዳይ ሦስት ሳምንት አቃጥያለሁ፤ ሁለት ጊዜ አዲስ ኢንዛይም አስገዝቼ፣ የዲኤንኤ ቁራጮችን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ ያው አንድ መስመር ብቅ ሲል ሻጩን ስረግም ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ከመቁረጫው ቦታ አጠገብ ያሉትን ሁለት የዲኤንኤ ፊደላት (ከኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ) አላየሁም።

እነዚህ መቁረጫዎች ባክቴሪያው ሰርጎ የገባን የቫይረስ ዲኤንኤ የሚቆራርጥባቸው ናቸው። የራሱን እንዳይነኩበት ደግሞ አጋር ኢንዛይም ያንኑ ቦታ ፈልጎ ሜቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ያትምበታል። ለምሳሌ ኢኮ አር ዋን ጂ‑ኤ‑ኤ‑ቲ‑ቲ‑ሲ የሚለውን ሲያገኝ ከጂ ቀጥሎ ይቆርጣል፤ አጋሩ ግን ሁለተኛዋ ኤ ላይ ሜቲል ይለጥፋል። መቁረጫው ፊደላቱን የሚለየው በዲኤንኤው ሰፊ ቦይ በኩል ጠርዛቸውን እየዳሰሰ ነው፤ ሜቲሉ እዚያው ተገትሮ ሲጠብቀው አይገጥምለትም። ዲኤንኤው በተባዛ ቁጥር አዲሱ ክር ለጊዜው ባዶ ነው፤ የአሮጌው ክር ማኅተም ብቻውን ይከላከላል።

የእርስዎን ቦታ ያተመው ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ የኤክስባ ዋን አጋር ሳይሆን ዳም የተባለ ሌላ ሜቲል አታሚ ኢንዛይም ነው። ዳም በአብዛኞቹ የላቦራቶሪ ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ዝርያዎች ውስጥ አለ፤ የመቁረጫ አጋር የለውም፣ ሥራውም ከቅጂ ስሕተት እርማት ጋር የተያያዘ ነው። ጂ‑ኤ‑ቲ‑ሲ ባየበት ሁሉ ኤ ላይ ያትማል። ኤክስባ ዋን የሚፈልገው ቲ‑ሲ‑ቲ‑ኤ‑ጂ‑ኤ ነው። እንግዲህ ከኋላው ቲ‑ሲ ቢከተል መጨረሻው ጂ‑ኤ‑ቲ‑ሲ ሆኖ አረፈ፤ የመጨረሻዋ ኤ ታተመች። ከፊቱ ጂ‑ኤ ቢቀድምም ያው ነው፣ ማኅተሙ በሌላኛው ክር ላይ ያርፋል እንጂ። የመቁረጫ ቦታዎችን ካርታ የሚያወጡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይህን የሚጠቁሙት ምርጫው ሲከፈት ነው፤ የእኔ ተዘግቶ ነበር።

ለማረጋገጥ ያንኑ ፕላዝሚድ ለብቻ በዲፒኤን ዋን፣ ለብቻ በኤምቦ ዋን ይቁረጡት። ሁለቱም ጂ‑ኤ‑ቲ‑ሲን ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው የታተመውን ብቻ፣ ሁለተኛው ያልታተመውን ብቻ ይቆርጣል። የመጀመሪያው ከቆራረጠውና ሁለተኛው ከተወው ዳም ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ያኔ ፕላዝሚዱን ዳም ወደሌለው ዝርያ አዛውረው እንደገና ያውጡት። ሳህኑ ላይ የሚበቅለው የባክቴሪያ ክምችት (ኮሎኒ) ቢያንስብዎ አይደንግጡ፤ የታተመ ዲኤንኤ እዚያ በቀላሉ አይባዛም። በፒሲአር (ያለ ባክቴሪያ፣ በቱቦ ውስጥ) የተባዛ ቁራጭ ከሆነ ማኅተም ስለሌለው ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ዋናውን ቅጂ ግን በተለመደው ዝርያ ውስጥ ያቆዩት፤ ዳም የሌለው ባክቴሪያ ስሕተት ያበዛል።