«ስምንት ቀን ሙሉ ዝም ብለውታል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። መጋላ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ የባጃጅ ሹፌር ነው። ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ሲመለስ ባጃጁ ተገልብጦበት የቀኝ እግሩ ቅልጥም ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ቆዳው አልተቀደደም። ሆስፒታል ወስደነው ራጅ ከተነሳ በኋላ ግማሽ ጀሶ አድርገው፣ እግሩን በትራስ ከፍ አድርገው አስተኙት። ይኸው ስምንት ቀን ሙሉ ዝም ብለውታል። ስንጠይቅ «እብጠቱ ይጉደል» ነው የሚሉን። ደግሞ እግሩን ብዙ ሳይከፍቱ በትንሽ ቀዳዳ ብረት እንደሚያስገቡለት ነግረውናል። አማቴ «ሊሠሩለት ስላልፈለጉ ነው፤ ሐረር የማውቀው ወጌሻ አለ፣ ዛሬውኑ እንውሰደው» ይላሉ። ጎረቤታችን አምና እግሩ ሲሰበር በማግስቱ አጥንቱ ውስጥ ረጅም ብረት ገብቶለት ነው የዳነ። ለባለቤቴ ለምን ያ አይሆንም? በቀዳዳ የገባ ብረትስ አጥንት ይይዛል? ባጃጁ ላይ የሚመለሰውስ መቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ደውዬልሽ ባልሽን ከአልጋው እንዳታስነሺው ለምኜሻለሁ። ዛሬ በሰፊው የምጽፈው ያንቺ ጥያቄ በብዙ ቤት እንደሚጠየቅ ስለማውቅ ነው።

ዝም አላሉትም፤ እያከሙት ነው። እስቲ እጅሽን ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ፣ በእግርሽ በውስጥ በኩል ቅልጥምሽ ላይ አሳርፊው። ቆዳ አለ፣ ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት። ባት ላይ ያለው ዓይነት ሥጋ እዚያ የለም። አጥንቱ ሲሰበር ያ ስስ ቆዳ ከውስጥ ይቀጠቀጣል፣ ይወጠራል፣ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል። በዚያ ሰዓት በምላጭ ከነካነው መልሶ አይገጥምም። የምንጠብቀው እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው እንደገና መጨማደድ እስኪጀምር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ያ ትራስም ለምቾት የተደረገ አይደለም። እግሩ ከልቡ ከፍ ብሎ ሲውል እብጠቱ ቶሎ ይወርዳል። የእግሩን ጣቶች ቀኑን ሙሉ ያንቀሳቅስ። ለድሬ ሙቀት ብላችሁ ደግሞ ጀሶው ውስጥ እንጨት ከታችሁ እንዳታኩለት፤ የምትቧጥጡት ያንኑ የምንሳሳለትን ቆዳ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የተማርኩት። ሙያውን በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ወጣት ቤተሰቦች ጎተጎቱኝ፣ እኔም ቸኮልኩ፣ እብጠቱ ሳይጎድል በሁለተኛው ቀን ከፈትኩት። ራጁ ላይ አጥንቱ እንደ ድሮው ገጥሞ ስላየሁ ደስ ብሎኝ ነበር ቤቴ የገባሁት። በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ተከፈተ፣ ብረቱ በዓይን የሚታይ ሆነ። ብረቱን አውጥተን፣ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ሥጋና ቆዳ አምጥተን እስክንሸፍነው ልጁ ወራት አልጋ ላይ አለቀበት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ራጁን ከማንሳቴ በፊት የታካሚዬን ቆዳ አያለሁ።

ጥበቃው ግን ልክ አለው። ሁለት ሳምንት አልፎ እብጠቱ ጎድሎ ሳለ ማንም ካላነጋገራችሁ ሐኪሙን ደፍረሽ ጠይቂ፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲቆይ አጥንቱ በተጣመመበት መያያዝ ስለሚጀምር ማስተካከሉ ይከብዳል። ቆዳው ተቀዶ አጥንት የታየበት ስብራት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሰው በዚያው ዕለት ቁስሉ መታጠብ አለበት፣ አንቲባዮቲኩም ሆስፒታል እንደደረሰ ይጀመርለታል።

ለአማትሽ በአክብሮት እንዲህ በይልኝ። እኔም ከዚራ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ኳስ ስጫወት የወለቀ ጣቴን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ይህ ግን ወለምታ አይደለም። ያበጠ እግር ላይ ቀርከሃ አድርጎ በገመድ ማጥበቅ ደም እንዳያልፍ ያደርጋል። ጣታቸው ጠቁሮ፣ እግራቸው ቀዝቅዞ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከጉልበት በታች ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ ያልነበራቸውም ነበሩ። ከመካከላቸው ሕፃናት ነበሩ። ማንም ያሰረው ቢሆን፣ ጀሶም ቢሆን፣ ሕመሙ በማስታገሻ የማይበርድና እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ጣቶቹን ሲያቃኑለት የሚያስጮኸው ከሆነ፣ ባቱ እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም እግሩ ከደነዘዘ ነገ ድረስ አይጠበቅም። በሰዓታት ውስጥ ሥጋው ይሞታልና በሌሊትም ቢሆን ተረኛውን ሐኪም ቀስቅሱ።

የጎረቤታችሁ ብረት አጥንቱ ውስጥ፣ በመቅኒው መንገድ የሚገባ ዘንግ ነው። ጥሩ ሕክምና ነው፤ ቅልጥም መሐሉ ላይ ሲሰበር እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ግን የመቅኒው መንገድ መሐል ላይ ጠባብ ሆኖ ወደ ቁርጭምጭሚት ሲወርድ እንደ መለከት አፍ ይሰፋል። ስብራቱ እዚያ ሰፊው ቦታ ላይ ከሆነ ዘንጉ የሚይዘው ግድግዳ ስለሌለ አጥንቱ ሊያጋድል ይችላል። ሆኖም እዚያ ቦታ ዘንግ ፈጽሞ አይሆንም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት እንዲህ ያለ ስብራት ያለባቸውን 321 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በዘንግ፣ ግማሾቹን ለባልሽ እንደታሰበው ከአጥንቱ ላይ በብሎን በሚታሰር ዝርግ ብረት አክሞ ነበር፤ በ6ኛው ወር በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። የሚወስነው ስብራቱ ከመገጣጠሚያው ያለው ርቀት፣ ቆዳው፣ ያለው መሣሪያና የሐኪሙ እጅ ነው።

የቀዳዳውን ነገር አንቺ ልብስ ሰፊ ስለሆንሽ ከብዙዎች በተሻለ ትረጂዋለሽ። በሱሪ ወገብ ላስቲክ ስታስገቢ ወገቡን ሙሉ አትተረትሪውም። ትንሽ ቀዳዳ ትተሽ በመርፌ ቁልፍ እየገፋሽ ታሳልፊዋለሽ። እኛም መጀመሪያ እግሩን ስበን ርዝመቱንና አቅጣጫውን እናስተካክልና ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከፍተን ዝርግ ብረቱን ከቆዳው በታች፣ ከአጥንቱ ሽፋን በላይ ወደ ጉልበት አቅጣጫ እናሾልከዋለን። ብሎኖቹን ከላይ በትንንሽ ቀዳዳዎች እናስገባለን። አጥንቱን የምናየው ሲ-አርም በሚባል ተንቀሳቃሽ ራጅ ነው። መሣሪያው በዕለቱ መሥራቱን ጠይቁ፤ ያለ እሱ ይህ ቀዶ ጥገና በጨለማ እንደ መስፋት ነው።

ይህን ሁሉ የምንደክመው ለደሙ ብለን ነው። ወደዚህ አጥንት የሚገባው ዋናው የደም ሥር ከላይ፣ ከኋላ በኩል ይገባል። ስብራቱ ሲቆርጠው የታችኛው ቁራጭ የሚኖረው በአብዛኛው ከዙሪያው ሽፋን በሚያገኘው ደም ነው። ቀደም ባለው ዘመን ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለመግጠም ሲባል እግሩ በረጅሙ ይከፈት፣ ሽፋኑም ይገፈፍ ነበር። ራጁ ያምር ነበር፣ አጥንቱ ግን ደም አጥቶ ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ ነበር። አሁን ስብርባሪውን እዚያው ከነሽፋኑ እንተወዋለን፤ አዲስ አጥንት በዙሪያው አብቅሎ ራሱ ይያያዛል።

ይይዛል ወይ ላልሽው፣ አዎ። በዚህ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው ብሎን ጭንቅላቱ ጥርስ ስላለው ከብረቱ ጋር ይቆለፋል፤ ብረቱ አጥንቱን ሳይጫነው ይይዘዋል። ግን ያዘ ማለት ይረገጥበታል ማለት አይደለም። ሽቦ ደጋግመሽ ብታጥፊው እንደሚበጠስ፣ አጥንቱ ሳይበቅል የተረገጠበት ብረትም ይሰበራል።

አጥንቱ በዓይን ስለማይታይ እግሩ ትንሽ ዞሮ ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ እኔ ጤነኛውንም እግር አጥቤ ክፍት አድርጌ አስተኛለሁ፣ ከመጨረሴ በፊት ሁለቱን አስተያያለሁ። በዚያ አካባቢ የሚያልፍ ነርቭ ተነክቶ የእግሩ የውስጥ ጎን ሊደነዝዝ ይችላል። በቀጭን ሰው ላይ ብረቱ ከቆዳው ሥር ይዳሰሳል፣ ጫማ ሲነካው ያማል፤ አጥንቱ በደንብ ከገጠመ በኋላ፣ አንድ ዓመት አልፎ፣ ማውጣት ይቻላል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በክራንች ይሄዳል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መሬቱን በጣቱ ከመንካት አያልፍም። ቁርጭምጭሚቱን ግን ቁስሉ ከተረጋጋ ጀምሮ ያንቀሳቅስ። አማትሽ የአጃ ሙቅ ቢያፈሉለት ደስ ይለኛል፤ እንቁላል፣ ፉልና ወተትም ይጨመርበት። ሲጋራውን ግን እለምነዋለሁ፣ ይተወው። ሲጋራ የደም ሥርን አጥብቦ አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል። ጫቱም ቢሆን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ አብሮትም ሲጋራ ይጠራል። ይህን ለሹፌር መንገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

ባጃጁስ? ብዙ ሰው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አጥንቱ ይገጥማል። የባልሽ ስብራት በቀኝ እግሩ ነው፤ የባጃጅ ፍሬንም በቀኝ እግር ነው የሚያዘው። ራጁ ላይ አጥንቱ መግጠሙ ይታይ፣ ያለ ክራንች ሳያነክስ ይሂድ። ከዚያ ባጃጁን ቤት ደጃፍ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ይርገጥ። ካመመው ገና ነው። ካላመመው ወደ እኔ ይምጣና እኔም አይቼው ይጀምር።