ላውንደሪ ውስጥ የጠፋው የእናቴ ቀሚስ

ጥያቄ፦ ለእህቴ ሠርግ ልለብሰው ከእናቴ የወረስኩትን ባለ ጥለት የሐበሻ ቀሚስ ለሠፈራችን ላውንደሪ ሰጠሁ። በቀጠሮው ቀን ስሄድ ቀሚሱ የለም። ባለቤቱ «በስህተት ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቶ ይሆናል» ካለኝ በኋላ፣ ደረሰኙ ጀርባ ላይ «ለጠፋ ልብስ ከማጠቢያው ዋጋ አምስት እጥፍ በላይ አንከፍልም» የሚለውን አሳይቶ 1,500 ብር ልስጥሽ አለኝ። ለሠርጉም ቀሚስ ተከራይቼ ለበስኩ። ምን ያህል መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ 1,500 ብሩን ተቀብለው «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ አደራ እንላለን፤ እንዲህ ያለ ፊርማ መብትዎን ሊዘጋብዎ ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግዴታውን ያልፈጸመ ተዋዋይ ኪሣራ እንዲከፍል ያዛል፤ ከዚህ የሚያድነውም ከአቅሙ በላይ የሆነ ምክንያት እንደገጠመው ማስረዳቱ ነው (ቁጥር 1791)። ሠራተኛ ልብስ አሳስቶ ለሌላ ሰው መስጠቱ ከባለቤቱ አቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም። በደረሰኙ ጀርባ ያለው ጽሑፍም እንዲሁ ብቻውን አያስርዎትም፤ ቁጥር 1686 አንዱ ወገን ለንግዱ ያዘጋጃቸው አጠቃላይ ሁኔታዎች ሌላውን የሚያስገድዱት አውቋቸው ሲቀበላቸው ወይም በመንግሥት ሲወሰኑ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ልብሱን ሲያስረክቡ ጽሑፉን አሳይቶዎት እንደነበረና እንዳልነበረ በደንብ ያስታውሱ።

የኪሣራው ልክ በቁጥር 1799 መሠረት ውሉ አለመፈጸሙ እንደ ነገሩ ደንብ የሚያስከትለው ጉዳት ስለሆነ፣ መነሻው የቀሚሱ ዋጋ እንጂ የማጠቢያው ዋጋ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ወይም የባህል ልብስ ሻጮች ለዚያ ዓይነት ፈትልና ጥለት የዋጋ ማቅረቢያ ያስጽፉ፤ እናትዎ ቀሚሱን ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ጥለቱ ጎልቶ የሚታይበት ከሆነ፣ ምን ዓይነት ልብስ እንደነበረ በደንብ ያሳያል። ቀሚሱ ያገለገለ በመሆኑ ግን ዋጋው ሊቀነስ እንደሚችል ይጠብቁ።

የኪራዩ ወጪ የሚወሰነው ሲያስረክቡ በተናገሩት ነው። «ለሠርግ ነው፣ እስከዚህ ቀን ይድረስልኝ» ብለው ከነበረ፣ ቁጥር 1801 ውል ሲደረግ በተገለጸ ልዩ ሁኔታ ምክንያት የበዛውን ጉዳት ለመጠየቅ ይረዳዎታል፤ አብሮዎት የነበረ ሰው ካለም ይመስክር። የእናት መታሰቢያ በሆነ ልብስ መጥፋት የተሰማዎትን ሐዘን እንረዳለን፤ ሆኖም በውል ክስ በዋናነት የሚታየው በገንዘብ የሚተመነው ጉዳት ስለሆነ፣ ክሱን በእርሱ ላይ እንዲመሠርቱ እንመክራለን።

መጀመሪያ ቀነ ገደብ ያለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው፣ አንዱን ለባለቤቱ በመስጠት በሌላው ላይ ያስፈርሙት፤ አልፈርምም ቢል በምስክሮች ፊት ይስጡት። እንቢ ካለ ለአካባቢዎ ንግድ ጽሕፈት ቤት የሸማች አቤቱታ ማቅረብ ወይም ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላሉ። የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 10 ዓመት ቢሆንም (ቁጥር 1845) ሠራተኞች ሥራ ይቀይራሉ፣ ምስክርም ይረሳልና አይዘግዩ። በሽማግሌ ከተስማማችሁ ደግሞ፣ ቀሚሱ ኋላ ቢገኝ ገንዘቡን መልሰው ልብስዎን እንደሚረከቡ በስምምነቱ ላይ ይጻፍ።