ያንን ገደል ያጠማዘዘው የመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም

እህቴ፣ ፎቶሽን ሳይ ሳቅ አመለጠኝ። በጥያቄሽ አይደለም፣ በራሴ ነው። እንግሊዝ አገር ኖርፎክ፣ ዌስት ረንተን አካባቢ ያለው የባህር ዳር ገደል ላይ አሸዋውና ጭቃው እንደ ተጨማደደ ነጠላ ተጠቅልሎ አይተሽ «ይሄ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» ብለሻል። እኔም ተማሪ እያለሁ እዚያው ገደል ስር ወስደውን ነበር። የስምጥ ሸለቆ አገር ልጅ አይደለሁ? አስተማሪው አፉን ሳይከፍት «ፎልት ነው፣ መሬት ተሰንጥቆ የተንሸራተተበት!» አልኩ። ምንም አልመለሰልኝም። የገደሉን ግርጌ በጣቱ አሳየኝና ዝም አለ።

ግርጌው ላይ ጥቁር የድሮ ወንዝ ጭቃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ትልቁ የማሞዝ (የጠፋው የዝሆን ዘመድ) አጽም ተቆፍሮ የወጣው ከዚያ ነው። ያ ጭቃ ጠፍጣፋ ነው። ምንም አልሆነም። የተተራመሰው ከሱ በላይ ያለው ብቻ ነው። ተራራ የሚያጥፍ ኃይል ከስር ቢመጣ ኖሮ የታችኛውንም አይምረውም ነበር። እውነት ነው፣ የመሬት መንቀጥቀጥም ውሃ የጠገበ አሸዋን ሊያናውጥ ይችላል። ግን ትልልቅ የድንጋይ ገበታ ከቦታው ነቅሎ ጎትቶ ሌላ ቦታ አይከምርም። እዚህ ግን ተጎትቷል፣ እመለስበታለሁ።

ሥራው የበረዶ ነው። ከ450 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የበረዶ ግግር ከሰሜን ወርዶ እስከ ለንደን ሰሜናዊ ዳርቻ ደርሶ ነበር። ብዙ ሰው ታዲያ «በረዶው ከባድ ስለሆነ ጨፈለቀው» ብሎ ያልፋል። ክብደቱማ አለ፤ 1 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 900 ቶን ይጭናል። ግን ክብደት ብቻውን አፈርን ይጠቀጥቀዋል እንጂ አያቦካውም። ነገሩ ያለው ውሃው ላይ ነው።

የጭቃ ቤት ሲመረግ አይተሽ ታውቂያለሽ? ደረቁን አፈር ቀኑን ሙሉ ብትረግጪው ይጠነክርብሻል። ውሃ ሲጠግብ ግን እግርሽ ስር ይንሸራተታል፣ ይዘረጋል፣ ጭዱም ጭቃው በሄደበት ይተኛል። በረዶ ስርም እንዲሁ ነው። በረዶው ከታች በኩል በመሬት ሙቀትና በፍትጊያ ይቀልጣል። ውሃው መውጫ ሲያጣ በቅንጣቶቹ መካከል ይታመቅና የበረዶውን ሸክም ራሱ ይሸከመዋል፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መያያዛቸው ይላላል፣ ያኔ በረዶው ወደፊት ሲሄድ ስሩ ያለው ጭቃም አብሮ ይሄዳል።

ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። አይስላንድ ውስጥ የበረዶ ግግር ተመራማሪው ጄፍሪ ቦልተንና ባልደረቦቹ ከአንድ የበረዶ ግግር ጠርዝ ስር ገብተው ጭቃው ውስጥ ምልክት ቀበሩ። ቆይተው ሲያወጡት ከበረዶው ጉዞ 90 በመቶ የሚሆነው የመጣው ጭቃው ራሱ በመዘርጋቱ ነበር፤ ይበልጥ የተዘረጋው ደግሞ የላይኛው ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። በረዶ ማለት ጠንካራ ድንጋይ ላይ የሚንሸራተት ነገር ነው ብሎ ለተማረ ሰው ይሄ ቀላል ዜና አልነበረም።

አሁን ወደ ገደልሽ። ፊቱን በትንሽ አካፋ ጠረግ አድርጊው፣ ሳይጠረግ የማይታይ ነገር ይወጣል። እኔ ያጸዳሁት ቦታ ላይ ግራጫ ጭቃ ውስጥ ቢጫ የአሸዋ መስመር ነበር፤ አንድ ቦታ ወፈር፣ ቀጥሎ ክር አክሎ ቀጠን፣ እንደገና ወፈር። ልክ ሊጥ ስትስቢው ሊበጠስ ሲል እንደሚሆነው። አሸዋው ውሃውን ቶሎ ስለሚያስወጣ ጠንከር ይላል፣ ጭቃው ውሃውን ይዞ ይለሰልሳል፤ ሁለቱ አብረው ሲጎተቱ ጠንካራው ይቆራረጣል። አንዳንዴ ደግሞ አሸዋው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ጭቃውን ሰንጥቆ ታገኚዋለሽ፤ የታመቀው ውሃ መውጫ ሲያገኝ አሸዋውን ይዞት የወጣበት ቦታ ነው።

የተጎተተውን ድንጋይ ለማየት እዚያው ኖርፎክ ባህር ዳር ወዳለው ሳይድስትራንድ ሂጂ። የጠመኔ ድንጋይ ገበታ ጭቃው መካከል ተንጋሎ ታያለሽ። 70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ድንጋይ ከሱ እጅግ ወጣት በሆነ ጭቃ ላይ! በውስጡ ያለው ጥቁር የባልጩት ድርድር እንኳ አልተበታተነም። ከስሩ ያለው ውሃ ግፊቱ ሲያይል ገበታው ተላቀቀና በረዶው እንዳለ ገፋው። እኔን እስከዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ እጥፋቱ ሁለተኛ ነው።

አገር ቤትም እኮ አለን። ትግራይ ውስጥ በእዳጋ ዓርቢ ስም የሚጠራው አለት ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ አካባቢው ጎንድዋና የሚባለው የጥንት ግዙፍ አህጉር አካል ሆኖ ወደ ደቡብ ዋልታ በቀረበበት ዘመን፣ የበረዶ ግግር የተወው ነው። በረዶ የቧጨራቸው ድንጋዮች እስካሁን ውስጡ አሉ። አፈሩ ግን ዛሬ ድንጋይ ሆኗል፣ በአካፋ አይጠረግም።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ገደሉ ስር እንዳትቆሚ፣ ይናዳል። ሌላ ፎቶ ስትልኪ ደግሞ እባክሽ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጪ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ያለችው እጥፋት ጣት ታህል ወይ ቤት ታህል፣ እስካሁን ልለይ አልቻልኩም።