ስኮላርሺፕ ለምትፈልጉ የጅማ አርክቴክቸር ተማሪዎችና ጀማሪ አርክቴክቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሐምሌ አንዲት የአምስተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ፖርትፎሊዮዋን (የንድፎቿን ስብስብ) በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተነሥታ በዚያ ዶፍ ዝናብ ቢሮዬ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ ለስኮላርሺፕ ልልከው ስለሆነ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አለችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ባለ ሃያ ፎቅ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል። ሬንደሩ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራው ሥዕል፣ የተዋጣለት ነው፤ ከሕንፃው ሥር የሚመላለሱት ሰዎች ግን ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል፣ ዛፎቹም የእኛ አገር ዛፎች አይደሉም። ቦታው የት እንደሆነ ስጠይቃት እዚሁ ጅማ፣ ገበያው አጠገብ እንደሆነ ነገረችኝ። ዝናቡ የቢሮዬን ቆርቆሮ እየደበደበው ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ «ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ከዚህ ጣሪያ ላይ ወዴት ይሄዳል?» ስላት ዝም አለች።

ገጾቹን እየገለጥኩ መጨረሻው ላይ ስደርስ በእርሳስ የተሠራ አንድ ንድፍ አገኘሁ። የአያቷ ቤት ነው። የጭቃው ግድግዳ ውፍረት፣ የበረንዳው ስፋት፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት ቡና የሚሰጣበት ደልዳላ ቦታ፣ የጣሪያው ክፈፍ ርዝመት ሳይቀር ተለክቶ ተጽፏል፤ አሸንዳ በሌለበት በኩል ጠፈጠፉ መሬቱን የቦረቦረበት መስመርም በነጠብጣብ ተመልክቷል። ለምን መጨረሻ ላይ እንዳደረገችው ብጠይቃት «እሱ እኮ የሁለተኛ ዓመት የቤት ሥራ ነው፤ ገጹ እንዲሞላ ብዬ ነው» አለችኝ። ያን ንድፍ መጀመሪያው ገጽ ላይ እንድታደርገው ነገርኳት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያን ቀን ለእርሷ በችኮላ ያልኳትን ለሁላችሁም በረጋ መንፈስ ለማስረዳት ነው።

ማመልከቻ የሚመረምሩ ሰዎች የመስታወት ሕንፃ ከየአገሩ ይጎርፍላቸዋል፤ ሶፍትዌሩ አንድ ስለሆነ ሥዕሉም አንድ ዓይነት ነው። የጅማን የጭቃ ግድግዳ ውሃ ከሥሩ እንዴት እንደሚበላው ለክቶ ያሳየ ተማሪ ግን ቀጥሎ ምን መማር እንደሚፈልግ ሳይናገር ያስታውቃል። ለእኔ የስኮላርሺፕ ጉዳይ ሁሉ የሚጠቀለለው እዚህ ላይ ነው፤ ድጋፉ የሚገባው ከአንድ ቦታ የተነሣ ጥያቄ ላለው ሰው ነው፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ደግሞ ቅጹ በሚሞላበት ሳምንት ተፈልጎ አይገኝም።

የቡርኪና ፋሶውን የፍራንሲስ ኬሬን ስም ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት እ.ኤ.አ. በ2022 በአርክቴክቸር ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከርን ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አርክቴክት ከሆነ በኋላ ይመስለኛል። እኔ የምወደው የታሪኩን መጀመሪያ ነው። በ1985 ወደ ጀርመን የሄደው በሙያ ሥልጠና ስኮላርሺፕ አናጢነት ሊማር ነበር። ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ፤ በ1995 ደግሞ በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ለማጥናት ሌላ ስኮላርሺፕ አገኘ። ልብ በሉ፣ በሁለቱ ስኮላርሺፖች መካከል አሥር ዓመት አለ። ገና ተማሪ ሳለ ማኅበር አቋቁሞ፣ ገንዘብ አሰባስቦ፣ በተወለደበት በጋንዶ መንደር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠራ፤ ትምህርት ቤቱ በ2001 ተጠናቀቀ፣ እርሱ ግን ዲግሪውን የያዘው በ2004 ነው። በዚያው ዓመት ይህ የተማሪ ሥራ የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የአፈር ጡብ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያም ከኮርኒሱ ተነጥሎ ከፍ ስለተደረገ ሙቁ አየር በመካከሉ ይወጣል። ኬሬ በጋንዶ መልስ የሰጠው በልጅነቱ በሙቀት በታፈነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲማር ለተሰማው ችግር ነው። የእኛ ችግር ከሙቀት ይልቅ ውሃ ነው፤ እርሱን የሚያህል ጥያቄ ግን እናንተም ደጅ አለ።

በነገራችን ላይ የውጭ ድጋፍ ለሙያችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን የአርክቴክቸርና የግንባታ ትምህርት ሥር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም የዚያ ልጅ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከቤልጅየም የፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት የዘለቀ ትብብር ነበረው። ስለዚህ ድጋፍ መጠየቅ ልመና መስሎ የሚሰቀጥጣችሁ ካላችሁ ይህን ስሜት ተዉት።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሸነፉት በችሎታ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ነው። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት ዳድ (DAAD) በልማት ነክ ዘርፎች፣ የከተማ ፕላንን ጨምሮ፣ ለሚሰጠው የማስተርስ ስኮላርሺፕ አመልካቹ ከምረቃ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም እንደ ደንቡ ከስድስት ዓመት መብለጥ የለበትም። እንግዲህ ቁጠሩት፤ በሩ የሚከፈትላችሁ በተመረቃችሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ የሚዘጋው በስድስተኛው ነው፤ በእጃችሁ ያለው አራት ዓመት ብቻ ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ በሳምንት አርባ ሰዓት ብትሠሩ ሰባ ሳምንት ማለት ነው፣ ለዲግሪው ግዴታ የሆነው ኢንተርንሺፕ ግን አይቆጠርላችሁም። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ትምህርቱ ቢያንስ በሁለት አገሮች የሚሰጥ ሲሆን የመጨረሻ ዓመት ተማሪም ሊያመለክት ይችላል። ኮመንዌልዝ የሚል ስም ያለውን ስኮላርሺፕ ግን እለፉት፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ይህን ሳያውቅ ቅጽ ሲሞላ ሁለት ሳምንት ያቃጠለ ልጅ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ቢያነብ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይገላገል ነበር። «እኔ እጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁም አትስሙት፤ ዳድም ሆነ ቺቭኒንግ የማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም።

ወረቀቱ ደግሞ ከፖርትፎሊዮው ያልተናነሰ ጊዜ ይበላል። የወጪ መጋራት ዕዳችሁን ሳትጨርሱ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት እንወስዳለን ብትሉ እንደምትጉላሉ ከወዲሁ እወቁት። ማስረጃ ማረጋገጥ፣ ማስተርጎምና ማኅተም ማስመታት ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ያስኬዳል፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ፊርማ ጎድሎ ከተመለሳችሁ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት በመሆኑ በጉጉት ቀድማችሁ ተፈትናችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ። በሠራችሁበት ቢሮ ሁሉ ሥራ ስትለቁ የልምድ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ተቀበሉ፤ ምን ሕንፃ ላይ፣ በምን ኃላፊነት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ በዝርዝር ይጻፍበት። ይኸው ደብዳቤ ለሙያ ምዝገባና ደረጃ ለማሳደግም ስለሚያስፈልጋችሁ ከስኮላርሺፑ ብትቀሩ እንኳ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

የራሴንም ስሕተት ልንገራችሁ። በወጣትነቴ ቀኑ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ጓደኛዬ ለሌላ አገር የጻፈውን የማመልከቻ ደብዳቤ ተቀብዬ፣ ስሙን በስሜ ለውጬ ላክሁ። ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ የእርሱ ዩኒቨርሲቲ ስም እንዳለ መቅረቱን ያየሁት ፖስታው ከሄደ በኋላ ቅጂውን ሳነብ ነበር። እርግጥ አልተመረጥኩም። ስሙን አርሜው ብልክ ኖሮስ እመረጥ ነበር? አይመስለኝም፤ ደብዳቤው ውስጥ ጅማ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ስጽፍ በአዌቱ ወንዝ ዳር ስላሉት ቤቶች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ደጃቸውን በአሸዋ ከረጢት ስለሚያግዱት ሰዎች ጻፍኩ። እንግሊዝኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ ይሁን እንጂ የተጠራሁት በዚያ ደብዳቤ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር በሚመለከት፣ የምትመርጡት ትልቅ ማዕረግ ያለውን ሳይሆን ሥራችሁን ያየውን ሰው ይሁን። ዋና ኃላፊው «ጎበዝ ተማሪ ነበር» ብሎ ከሚፈርምላችሁ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሞዴላችሁን አፍርሳችሁ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እንደገና ስትጀምሩ ያየ ረዳት መምህር የሚጽፈው ሦስት መስመር ይበልጣል። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁት፤ ስትጠይቁትም ሲቪያችሁን፣ ንድፋችሁንና የምትማሩበትን ምክንያት በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ስጡት። መምህሩ ስለ እናንተ የሚያስታውሰው እናንተ ከምታስቡት ያነሰ ነው፤ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ።

ድጋፍ ማለት ግን ወደ ውጭ መሄድ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበር አለላችሁ፤ በጁሪ ጊዜ፣ ንድፋችሁ ሲገመገም፣ የሚመጡትን ባለሙያዎች ተጠግታችሁ አነጋግሯቸው፤ ሳይት ላይ የሚውለውን ፎርማን «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት። እዚህ ላይ ለእኩዮቼም አንድ ቃል አለኝ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቢሮ ስምንት ወር ሙሉ «ልምድ እያገኘህ ነው» እያለ ያለ ደመወዝ አሠርቶኛል፤ ለመውጫዬ የልምድ ደብዳቤ ስጠይቅም «መቼ ተቀጠርክ?» ተባልኩ። ወጣቱን የምንረዳ ከሆነ የምሳና የትራንስፖርቱን እንኳ ከፍለን፣ ስሙን በንድፉ ላይ ጽፈን መሆን አለበት። ስሙ የሌለበትን ንድፍ ፖርትፎሊዮው ውስጥ ሊያስገባ አይችልም።

ምን እንለካ ብላችሁ የምትጨነቁ ከሆነ ከተማው ሙሉ ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራው ብቻውን የአንድ ሴሚስተር ሥራ ይሆናል፤ ፎቁን የሚዞረው በረንዳና ሰፊው ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው እንዴት እንደሚያርቁት በሴክሽን (ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ በሚያሳይ ንድፍ) ሥሩት። እ.ኤ.አ. በ1936 እና በ1941 መካከል ጣሊያኖች የሠሯቸው ሕንፃዎች በየመንገዱ ቆመዋል፤ በየቦታው እየፈረሱ ስለሆነ ፎቷቸውንና ልኬታቸውን ዛሬውኑ ያዙ። በሂርማታ በኩል ያሉትን በረንዳ ያላቸውን ሱቆችም አትናቁ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ ራሱ ስለ እንጨት የሚያስተምረው ብዙ ነው፤ እርሱን ግን ለሌላ ቀን ልተወው።

ስለ መመለስ የሚጠይቁኝ አሉ። ቺቭኒንግ ትምህርቱ ሲያልቅ ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደ አገር እንድትመለሱ በውል ያስገድዳል፤ ፈርማችሁ ስትሄዱ ይህን አውቃችሁ ሂዱ። ሌሎቹ እንደየውላቸው ይለያያሉ። እኔ ማንንም ለምን ቀረህ ብዬ አልወቅስም፤ የቀሩትም ከዚያ ሆነው ለታናናሾቻቸው ፖርትፎሊዮ ሲያርሙ አይቻለሁ። የሚያሳዝነኝ «ተመልሼ አገሬን አገለግላለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚሠራ ሳያስብ የሚጽፍ ልጅ ነው። «ተመልሼ በጅማ በዝናብ የሚጎዱ የጭቃ ቤቶችን መሠረት የማጠናከሪያ ዘዴ በሁለት ቀበሌ እሞክራለሁ» ያለ ሰው ግን፣ ቢመለስም ባይመለስም፣ አስቦበታል።

ያቺ ተማሪ መስከረም ላይ ተመልሳ መጥታ ነበር። የመስታወቱን ሕንፃ አላወጣችውም፤ ወደ ስድስተኛው ገጽ ወሰደችው፣ ጣሪያው ላይም አሸንዳ ጨምራበታለች። መጠኑ ትንሽ ስለነበር አብረን አሰላነው። እናንተም ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቢሮዬ ክፍት ስለሆነ ብቅ በሉ፤ ሜትር ግን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኔ ከሦስት ሜትር በላይ ያለው ቁጥሩ ጠፍቷል።